ጉቶ ነቃዮቹ

አኬች ሦስት ሺህ ችግኝ አላት። ሦስት ሺህ ማለት ለአፍ ቀላል ነው፤ እስቲ ላስቲኩን አንድ በአንድ አፈር ሞልቶ፣ አንድ በአንድ ውሃ አጠጥቶ፣ ከጎረቤት ዶሮ ሲጠብቅ የከረመ ሰው ይናገር! ጁባ፣ ማንጋቴን ሰፈር ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ቤቷ ጀርባ፣ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ እንደሚጠብቁ ተማሪዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ቅዳሜ የሰፈሩ ሴቶች ሳፋቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ ለየቤቱ አሥር አሥር ይታደላል። ከዚያ ወዲያ በጠራራ ፀሐይ የሰው ግድግዳ ጥግ ጥግ እየተለጠፉ ጥላ መለመን ይቀራል።

ዛሬ ረቡዕ ነው። በፈረንጆቹ ሰኔ 2010፣ ዝናቡ ገብቷል፣ የደቡብ ሱዳን የነጻነት ሪፈረንደም ሊደርስ ሰባት ወር ቀርቶታል፣ ጁባ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አገር ለመሥራት ይቸኩላል። ለአኬች የቀራት አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ላስቲኩንና የውሃ ማጠጫውን የሰጣት ድርጅት አንድ የደን ባለሙያ ይልካል፣ ባለሙያው ችግኞቹን አይቶ ይፈርማል፣ በቃ። የድርጅቱ ሠራተኛ ግሬስ በስልክ «ፎርማሊቲ ነው፣ አትጨነቂ» ብላታለች።

ዛፉ እንዴት እጇ እንደገባ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነውና። ከአራት ዓመት በፊት የባሏ እህት ከሰሜን በጭነት ጀልባ ስትመለስ አምስት ፍየሎች ይዛ መጣች። ጀልባው ላይ ሣር ከየት ይምጣ? ስንቃቸው አንድ ጆንያ ቢጫ ደረቅ ፍሬ ነበር፤ እንደ አደንጓሬ እሸት የረዘመ፣ ሲያኝኩት የሚጣፍጥ። ሰሜኖቹ ዛፉን ሚስኪት ይሉታል። ፍየሎቹ ወደ አኬች ቤት ከመግባታቸው በፊት ወደቡ ላይ ሦስት ቀን ቆሙ። አኬች ደግሞ ነገር ሲባክን አትወድም፤ በጠጣቸውን በጆንያ ሰብስባ ወደ ቤት ወሰደችና ጓሮዋ ላይ በተነችው። ባሚያ ዘራችበት። ባሚያው ቀረና አንዲት ቀጭን ተክል ብቅ አለች።

ማንም አልዘራት፣ ማንም አላጠጣት። በዓመቷ ከአኬች ቁመት በለጠች፤ በሁለተኛው ዓመት ጥላ ሆነች። አማቷ እማማ አቶንግ ዱካቸውን ከሥሯ አኖሩና ከዚያ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣቸው እሷ ሆነች። «ሳይዘሩት የበቀለ የእግዜር ነው» አሉ። በሦስተኛው ዓመት አፈራች፤ ፍየሎቹ አበዱ። አኬች ዘሩን ወስዳ አፈር ውስጥ ብትከተው አልበቅልም አላት። በኋላ ግን የፍየሎቹ ማደሪያ በቡቃያ ተሸፍኖ አየች። ያኔ ገባት፦ ፍሬውን ለፍየል ታበላለች፣ ጠዋት በጠጡን ትለቅማለች፣ በየላስቲኩ ሁለት ሁለት ፍሬ በጠጥ ትቀብራለች። ጎረቤት ሳቀባት። በአሥር ቀኑ ሲበቅል ሳቁ ቆመ። «ባለሙያዎቹ እኮ ፍየሎቼ ናቸው» ትላለች ለመጣው ሁሉ፣ እየተንጎራደደች።

ለምን ይህን ያህል ዛፍ ዛፍ አለች? የዚህ መልስ ያለው ኢታንግ ነው። ኢታንግ ጋምቤላ ውስጥ ያለ የስደተኞች ሰፈር ነበር፤ ያደገችበት። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያበስለው በእንጨት ነው። መጀመሪያ የደረቀውን ለቀሙ፣ ቀጥሎ ቅርንጫፉን፣ ቀጥሎ ዛፉን። ዛፍ ሲያልቅ ጉቶ ቀረ፤ ሴቶቹ ጉቶውን በዶማና በብረት ይነቅሉ ጀመር። አኬች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና በጉቶ ነቀላ እጇ የተመሰከረለት ነበር። አንድ ቀን ጉቶ ተሸክማ ስትመለስ አንድ የአኙዋክ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆመው አዩዋት። «ልጄ፣ ዛፉን ቆረጣችሁ፤ እሺ፣ ቸግሯችኋል። ጉቶውን የምትነቅሉት ለምንድነው? እንዳያቆጠቁጥ ነው?» አሏት። ቢቆጡ ኖሮ እሷም መልስ አታጣም ነበር፤ አፏስ መቼ ይሰንፋል! ሽማግሌው ግን አልተቆጡም፤ ከልባቸው ነበር የጠየቋት። ያን ጥያቄ ይዛ ከኢታንግ ፉኝዶ፣ ከፉኝዶ ጁባ፣ ሃያ አራት ዓመት ተጓዘች። ሦስት ሺህ ችግኝ ለዚያ ጥያቄ ያዘጋጀችው መልስ ነበር።

ባለሙያው ጋሽ ከፍያለው በቦዳ መጡ፤ ሞተሩ ላይ አንድ እጃቸው ባርኔጣቸውን፣ ሌላው የሹፌሩን ትከሻ ጨብጦ። ሃምሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ፊታቸውን ፀሐይ የጠበሰው ኢትዮጵያዊ ናቸው። በተሰባበረ የጁባ ዓረብኛ ሰላምታ ሲጀምሩ አኬች አቋረጠቻቸው።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። ይግቡ፣ ጫማዎን አያውልቁ።»

ክው አሉ። «አማርኛውን ከየት አመጣሽው?»

«ኢታንግና ፉኝዶ። ፊደል የቆጠርኩት በአማርኛ ነው፤ ስድብም እንደዚሁ።»

ጋሽ ከፍያለው ከት ብለው ሳቁ። የዚያን ቀን የሳቁት ያኔ ብቻ ነው። ጓሮ ገብተው ችግኞቹን ሲያዩ ሳቁ ፊታቸው ላይ ቀዘቀዘ። ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡ። ግንዱ በየቅጠሉ መነሻ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል፤ በየእጥፋቱ ቀጥ ያለ ጥንድ እሾህ አለው። ጥቃቅን ቅጠሎቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ያንን አስቀምጠው ሌላ አነሡ፣ ያንንም አስቀምጠው ከመጨረሻው ረድፍ አነሡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

«ግራር ነው አይደል ጋሼ?» አለች አኬች።

«ግራር እንዲሆን እየጸለይኩ ነው» አሉ። «እናቱ የት አለች? ዛፏን አሳዪኝ።»

ዛፏ ሥር እማማ አቶንግ እንደ ልማዳቸው ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ከፍያለው በአክብሮት እጅ ነሥተው አበባውን ወደ ታች ሳቡት። እንደ ብዙዎቹ ግራሮች አበባ ኳስ መሳይ አይደለም፤ እንደ ጣት የረዘመ፣ ፈዛዛ ቢጫ። «እንዲህ የሚያብብ ግራርም አለ» አሉ፤ ለራሳቸው ነው። ከመሬት የደረቀ ፍሬ አንሥተው በሁለት እጃቸው ሊከፍቱት ሞከሩ። የማያውቁት የግራር ፍሬ የለም፤ ስንቱ ደርቆ አፉን ሲከፍት አይተዋል፤ ይሄ ግን አልከፈትም አለ። ነከሱት። ጣፈጣቸው። እንደ መርዝ ተፉት፤ ከዚያም አቧራው ላይ፣ ከአሮጊቷ ጎን ቁጭ አሉ።

«ይሄ ሰውዬ አሞታል?» አሉ እማማ አቶንግ በዲንካ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?» አለች አኬች።

«ፍየሎቹን ያመጣው ጀልባ የቆመው የት ነበር?»

«ወደቡ ላይ ነዋ!»

«ውሰጂኝ።»

ፊርማ ለማግኘት ምን የማይደረግ አለ? በሁለት ቦዳ ወደ ወንዙ ወረዱ። አኬች በዚያ ቦታ መቶ ጊዜ አልፋለች፤ ግን ሰው የሚያየው የሚፈልገውን ብቻ ነው። ከማራገፊያው ወረድ ብሎ ዳርቻው በሚስኪት ተይዟል። ጋሽ ከፍያለው ትልልቆቹን ቆጠሩ፤ ሠላሳ አንድ ናቸው። ትንንሾቹን ለመቁጠር አልሞከሩም። ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ተቆላልፎ፣ እሾህ በእሾህ ሆኖ፣ ዶሮ እንኳ የምታልፍበት የለም። አንዲት ጄሪካን የተሸከመች ሴት ዙሪያ ጥምጥም ስትመጣ አኬች ጠየቀቻት፦ ወደ ውሃው የሚወርደው መንገድ በዚህ በኩል አልነበረም እንዴ? «ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ዛፉ ዘጋው። ልጄ እሾኹን ረግጣ እግሯ አብጦ ወር ተኛች። አሁን በዚያ ነው የምንዞረው።» ይህን ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ጋሽ ከፍያለው አንድ የተገለበጠ ታንኳ ላይ ተቀመጡ። «የዛሬ ሠላሳ ዓመት» አሉ፣ «አሚባራ፣ አዋሽ ዳር፣ አፋር አገር ተመደብኩ። አዲስ ተመራቂ ነበርኩ፣ ጉልበት አለ፣ ንፋሱ አሸዋ ያነሣል፣ መሬቱ ራቁቱን ነው። ይህን ዛፍ ከውጭ አመጡልን፤ ፕሮሶፒስ ይባላል። ውሃ አይፈልግ፣ ከብት ይወደዋል፣ በዓመት ሰው ያክላል። ተከልኩት። በእነዚህ እጆቼ። ሐመዱ የሚባል የከብት ጌታ ነበር፤ ወዳጄ ሆነ። 'የዚህ ዛፍ አገሩ የት ነው? በአገሩ ማን ነው የሚበላው፣ ማን ነው የሚያደክመው?' አለኝ። ሳቅሁበት። የተማርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ እረኛ!»

«እና?»

«እናማ ከብቱ ፍሬውን በላ፣ በሄደበት ሁሉ ዘራው። ጎርፉ ወሰደው፣ ዘራው። ከሥሩ ሣር አይበቅልም። ሣሩ ሲጠፋ ከብቱ ፍሬውን ብቻ በላ፤ ጣፋጩ ጥርሱን ጨረሰው፣ ሆዱን ደፈነው። የሐመዱ ላሞች እያኘኩ ሞቱ። ግጦሹ ጫካ ሆነ፤ ጫካ ስልሽ የጅብና የእሾህ። አፋሮች ደርጊ ሃራ አሉት፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። በተተከለበት ዘመን ነው የሰየሙት፤ የተከለውን ሰው ስም ቢያወጡለት ኖሮ ግን የኔን ነበር።»

አኬች የምትሰማውን ሁሉ ሰምታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ንዴቷ ከእግሯ ጀምሮ ሲወጣ ይታወቃታል። ሦስት ሺህ! ቅዳሜ! «እባብ ያየ በልጥ በረየ!» አለች። «አፋር በረሃ ነው፤ እዚህ ወንዝ አለ፣ ዝናብ አለ። አንተ አገርህ ላይ ያበላሸኸውን እኔ ላይ ታወራርዳለህ?» ከንዴቷ ብዛት «እርስዎ» ማለቱን እንኳ ረሳችው።

አልተቆጡም። «ልክ ነሽ፤ በልጥ በርግጌ ሊሆን ይችላል» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ይሄ ወንዝ ወዴት ነው የሚሄደው?»

ከዳርቻው አንድ ቢጫ ፍሬ ወድቆ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ከእምቦጩ ጋር ወደ ሰሜን ጎተት ጎተት እያለ ሄደ። አኬች በዓይኗ ተከተለችው። ወንዙ ወዴት እንደሚሄድ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ወደ ቦር ነው። ውሃው ሲጎድል ሣር የሚለብሰው፣ የወንድሞቿ ከብት በበጋ የሚተርፍበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ያለው እዚያ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ስንቱ ከብት አለቀ፤ የቀረው አሁን ገና መርባት መጀመሩ ነው።

«ዝም ብለው መፈረም ይችሉ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ወርዶ።

«እችል ነበር። ዝም ማለትማ አውቅበታለሁ። አሚባራ ላይ ነገሩ ሲገባኝ ለተከላው ሰርተፍኬት ሸልመውኝ ነበር፤ ግድግዳዬ ላይ ሰቅየዋለሁ። ያንን አውርጄ 'ተሳስቻለሁ' ለማለት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ያኔ ብናገር በአንድ ሳምንት የሚነቀል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜ ልክም አልበቃው።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አልፈርምም አኬች። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አኬች ያለ ፊርማ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሐሙስ ጠዋት ተነሥታ ዛፏን ዞረቻት። ይቺን ዛፍ አራት ዓመት ስታይ ኖራለች፤ እንዲህ ግን አይታት አታውቅም። ያ የቀረው ባሚያ ትዝ አላት፤ «ዘሩ አሮጌ ነበር» ብላ አልፋው ነበር። ጎመን መሳዩ ሙሉኪያ ጠውልጎ ሲሞት «ፀሐይ መታው» አለች። ባለፈው የጎረቤቷን ልጅ እግር የወጋውን እሾህ «ድሮም ባዶ እግራቸውን ነው የሚሮጡት» ብላለች። ለእያንዳንዱ ምክንያት ነበራት። ፍቅር ያዛት እንጂ ምን ትሁን! ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ታስስ ጀመር።

«ምን ጠፋብሽ?» አሉ እማማ አቶንግ ከዱካቸው ላይ።

«ሣር።»

«እዚህ ሥር ሣር በቅሎ አያውቅም።»

አኬች ቀና አለች። «ያውቁ ነበር?»

«ዓይን የለኝም እንዴ? ከብት ጠብቄ ነው ያደግሁት። ሣር የማያስጠጋ ዛፍ ጤነኛ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «አገርሽ ከገባሽ ጀምሮ ደስ ሲልሽ ያየሁት በዚህ ነው።»

አኬች ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ለችግኞቹ ነው፣ ለራሷ ነው፣ ለአሮጊቷ ነው፤ እሷም አልለየችውም። እማማ አቶንግ እስክትጨርስ ጠበቋትና «ነይ፣ አፍንጫሽን ጥረጊ» አሉ።

ዓርብ ግሬስ ደወለች። የጋሽ ከፍያለውን ሪፖርት አይታለች፤ ተናዳለች። እንግዶች ይመጣሉ፣ ባነሩ ታትሟል፣ ካሜራ ተከራይቷል! «ስሚኝ አኬች፣ ሌላ ባለሙያ አውቃለሁ። ዛሬውኑ ይፈርማል። አንቺ እሺ ካልሽ ቅዳሜን አንሰርዝም።»

የማታ የማታ ፈተናው መጣላችሁ። አንድ «እሺ» ብቻ። ሴቶቹ ሳፋቸውን ሞልተው እየመረቋት ይሄዳሉ፣ አኬች ማንጋቴንን ያለመለመች ትባላለች፤ መዘዙ ሲመጣ ደግሞ ዓመታት ያልፋሉ፣ ማን ያስታውሳል? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አኬች ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ያንን ወደ ቦር የሄደ ፍሬ አሰበች። እስካሁን የት ደርሶ ይሆን?

«አይሆንም» አለች። «ካላስ፣ በቃ ግሬስ። እንግዶቹን ቅሩ በያቸው። ሴቶቹን ግን እኔ ራሴ ነኝ የማናግራቸው።»

ቅዳሜ የመጀመሪያው ተራ ሴቶች መጡ፤ ወደ ሠላሳ ይሆናሉ፣ ሳፋቸው በራሳቸው ላይ። አብዛኞቹ የኢታንግ ልጆች ናቸው፤ አብረው ውሃ የቀዱ፣ አብረው ራሽን የተሰለፉ። አኬች ፊታቸው ቆማ እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ስለ ወንዙ ዳር ነገረቻቸው፣ ስለ ተዘጋው መንገድ፣ ስለ አፋር ላሞች። «ስለዚህ አልሰጣችሁም» አለች፤ «እነቅላቸዋለሁ፣ አቃጥላቸዋለሁ።»

ጉምጉምታው ተነሣ። አግነስ የምትባል የልጅነት ጓደኛዋ፣ ምላሷ ምላጭ የሆነች፣ ሳፋዋን መሬት ላይ ወረወረችው። «እንዲህ ነው! ኢታንግን ጨረስሽ፣ አሁን ደግሞ ሳይተከል ትነቅያለሽ? አንቺ ልጅ ከዛፍ ጋር ምን አጣላሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አኬች አንገቷን ደፋች። ቤት ለቤት እየዞረች ተመዝገቡ ያለችው እሷው ናት። ስድብ ሲገባ ይታወቃል፤ ይሄ ገባ።

ጋሽ ከፍያለው በዚህ መሃል ደረሱ፣ መጥረቢያ ይዘው። እማማ አቶንግን በእጅ ምልክት ይቅርታ ጠየቋቸው፤ አሮጊቷ ዱካቸውን አንሥተው ራሳቸው ዘወር አሉ። ከዚያ ጋሽ ከፍያለው ሸሚዛቸውን ሰብስበው ዛፏን መምታት ጀመሩ። እየመቱ አረፉ፣ እያረፉ መቱ፤ በሃምሳ አምስት ዓመት መጥረቢያ ቀልድ አይደለም። ዛፏ ስትወድቅ ያ ሁሉ ፀሐይ ግቢው ውስጥ ድንገት ገባ፤ ሴቶቹም ዓይናቸውን በእጃቸው ከለሉ።

«አሁን የቀረው ከባዱ ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ይህን ጉቶ ከተውነው በሁለት ሳምንት አንዱ አሥር ሆኖ ይነሣል። አሚባራ ላይ የጣለን ይሄ ነው። ቆረጥነው፣ አቆጠቆጠ። አቃጠልነው፣ አቆጠቆጠ። ከመሬት በታች ክንድ ያህል ተወርዶ አንገቱ መውጣት አለበት። ማሽን አመጣን፣ ማሽኑ ተሰበረ። ይህን በእጅ የሚችል ሰው አላገኘንም።»

አኬች ተርጉማ ነገረቻቸው። ከዚያ አግነስ መሳቅ ጀመረች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። አንዷ ስትስቅ ሌላዋ፣ ሌላዋ ስትስቅ ሁሉም።

«ምን አልኩ?» አሉ ጋሽ ከፍያለው ግራ ተጋብተው።

«ጋሼ» አለች አኬች፤ «እኛ እኮ በዓለም ላይ አንድ ሙያ ብቻ ነው ያለን።»

አግነስ ቀሚሷን ወገቧ ላይ አስራ ቀድማ ገባች። «ዶማ! ብረት ያላችሁ ብረት! አንቺ፣ ግንዱን ተይው፣ ከራቅ ብለሽ ዙሪያውን ጀምሪ! ውሃ አፍስሱበት፣ ይለስልስ!» ሃያ ዓመት ያልተነካ ሥራ እጃቸው ላይ እንዳለ ነበር። ሁለቱ ክብ ይቆፍራሉ፤ ሁለቱ አፈር ይዝቃሉ፤ ጎን ሥር ሲገኝ አንዷ ትጮኻለች፣ አኬች ትቆርጠዋለች። ሦስት ጎን ሥር፣ አራት፣ ስድስት። ከዚያ ብረቱ ከሥር ገባ፤ ወፍራሟ ጎረቤታቸው ጫፉ ላይ እንድትቀመጥበት ተጠራች፤ «ለዚህ ነው ለካ የምትፈልጉኝ!» እያለች ተቀመጠችበት። ጉቶው ነቅነቅ አለ። አንድ ጊዜ ተንሿሿና ተነቀለ። ከነአንገቱ፣ ከነጉልበቱ፣ የአውራ ፍየል ጭንቅላት የሚያክል።

ጋሽ ከፍያለው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክከው የተቆረጠውን ሥር በጣታቸው ዳበሱት። ሥሩን አይተው ሴቶቹን አዩ። «ሐመዱ ይህን ሳያይ ሞተ» አሉ።

ችግኞቹን ነቅለው ፀሐይ ላይ በተኗቸው፤ ወደ ሦስት ሺህ ላስቲክ ለመንቀል ሠላሳ ሴት ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም። የለቀሙትን ፍሬ ሁሉ አቃጠሉ። ፍየሎቹ ሆዳቸው እስኪጠራ ታስረው እንዲከርሙ፣ በጠጣቸውም እሳት ላይ እንዲጣል ተወሰነ። ጉድጓዱ አጠገብ ጋሽ ከፍያለው ያመጧት አንዲት የላሎብ ችግኝ ተተከለች፤ የአገሩ ዛፍ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ። እማማ አቶንግ መቼ ጥላ እንደሚሆን አስጠየቁ። አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተባሉ። ሰማንያ ያለፋቸው ሴት ናቸው። «ራኩባ ሥሩልኝ» አሉ፤ «ሣር ያለበት አገር ሣር ይለበሳል።» ምሳ ሳይደርስ አራት እንጨት ቆሞ በሣር ምንጣፍ ተከደነላቸው።

እሳቸው ራኩባው ሥር ዱካቸውን አደላድለው ተቀመጡና ጠየቁ፦ «ወንዙ ዳር ያሉት ስንት ናቸው?»

«ሠላሳ አንድ» አለች አኬች። «ትንንሾቹን ሳይጨምር።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጣችኋል? ሳይቃጠል በቅጠል!»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶማና ብረታቸውን ይዘው በሰልፍ ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ጋሽ ከፍያለው መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከኋላ። የመጀመሪያው ጉቶ ሲወጣ አኬች አፈሩን አራግፋ ራሷ ላይ ተሸከመችው፤ እሳቱ ወዳለበት ልትወስደው። ክብደቱን አንገቷ አወቀው። በዚያ በተዘጋው መንገድ አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። የኢታንጉ ሽማግሌ እዚያ የቆሙ መሰላት። እንደ ድሮው፣ ያለ ቁጣ፣ ከልባቸው ጠየቋት፦ ጉቶውን የምትነቅሉት ለምንድነው ልጄ? እንዳያቆጠቁጥ ነው?

«አዎ፣ አባቴ» አለች ጮክ ብላ። «እንዳያቆጠቁጥ ነው።»